አቶ ዴልበርት ራይንክና ከጠረጴዛው ላይ የተወሰደችው ማርሽ

ዛሬ የምንሸኛቸው አቶ ዴልበርት ራይንክ ከአባታቸው ከአቶ ኸርማን ራይንክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚልዳ ጌርከን፣ ኦገስት 20 ቀን 1941፣ በሰሜን ምዕራብ ኦሃዮ፣ ከናፖሊዮን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ፓስተሩ የሚያነቡላችሁን ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ታናሽ ወንድማቸው ኤልደን የተወለደው ከስምንት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ከእርሳቸው የተማረው የመጀመሪያው ነገር ቡሎን መፍታት ነው።

በ1959 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ሁለት ዓመት በውትድርና ካገለገሉ በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች መካኒክ ሆነው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሠሩ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ በበረዶው ወራት እንኳ፣ አውቶቡስ አልነሣ ብሎ ብርድ ላይ የቆመ ልጅ አልነበረም። በ1965 ሉዌላ ቦክልማንን ዛሬ በተሰበሰብንበት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ጆሊንን ወለዱ። ሉዌላን አንቱ ብላት ራሷ ትቆጣኝ ነበርና እንደ ድሮው አንቺ እያልኩ ልጥራት።

በ1968 አቶ ዴልበርት ለሉዌላ አንዲት ቀይ የጓሮ ትራክተር ገዙላት። ሣሩን የምታጭደው እርሷ ነበረች፤ ባሏን ሞተሩን እንጂ መሪውን አታስነካቸውም ነበር። በ2011 የመርሳት በሽታ ያዛት። የልጇን ስም ረሳች፣ የገዛ ቤቷን በር ረሳች፣ ትራክተሯን ግን አልረሳችም። እረፍት አጥታ ስትቅበጠበጥ ዴልበርት ወስደው ትራክተሯ ላይ ያስቀምጧትና ሞተሩን አስነሥተው፣ ከጎኗ እየተራመዱ ግቢውን በዝግታ ያዞሯታል። ከዚያ ትረጋጋለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ሦስት ዓመት በዚህ ኖሩ።

በ2014 መከር ላይ የትራክተሯ ካምቢዮ ትልቋ ማርሽ ጥርሷ ረገፈ። የሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በብየዳ አስጠገኗት፣ ሁለት ቀን ሠርታ ተሰበረች። ጎረቤት አዲስ ትራክተር ቢያውሳቸው ሉዌላ "የሰው ዕቃ ላይ አልቀመጥም!" ብላ ወረደች። በራሷ ትራክተር ላይ ስትቀመጥ ደግሞ "ዴልበርት፣ ምነው አይሄድም?" ትላቸዋለች። "ይሄዳል የኔ ፍቅር፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ" ይሏታል። ጊዜ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም። ወርዳ መንገድ ትጀምራለች፣ እርሳቸውም ሮጠው ይመልሷታል።

የአሮጌ መለዋወጫ ገበያ በተባለበት ሁሉ፣ ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ሚሺጋን፣ ሉዌላን ይዘው ዞሩ። እርሷን ትተውለት የሚሄዱት ሰው አልነበራቸውም። በእነዚህ ገበያዎች ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ እጅህ ያረፈበት ዕቃ ዋጋ ተነጋግረህ እስክትጨርስ ድረስ ያንተ ነው፣ እጅህን ካነሣህ ግን የማንም ነው። ዴልበርት ይህን ሕግ አንድ ቀንም አፍርሰው አያውቁም።

ጁን 11 ቀን 2016 ኢንዲያና ውስጥ፣ ከአንድ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ማርሿን አገኟት። ጥርሶቿን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ፤ አንድም አልጎደለም። እጃቸውን ጭነውባት ዋጋ ሲጠይቁ ሉዌላ ከታጣፊ ወንበሯ ተነሥታ በሰው መሐል ጠፋች። እጃቸውን አነሡ። ፈልገው፣ አግኝተው፣ ክንዷን ይዘው ሲመለሱ ማርሿ የለችም።

"እጅህን አነሣህ እኮ ወንድሜ። ሌላ ሰው ወሰዳት" አላቸው ሻጩ።

"ምን ዓይነት ሰው?"

"ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ።"

"እዚህ ሜዳ ላይ ኮፍያ ያላደረገ ሽማግሌ ካየህ እስቲ ጥራኝ" አሉት።

እስከዚህ ያለውን ሁላችሁም ከእርሳቸው አፍ ሰምታችኋል። የሚቀጥለውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ፓስተር፣ እባክዎ ሲያነቡ ይህችን እንዳይዘሏት። ያ ሽማግሌ እኔ ኤልደን ነኝ።

እኔም በዚያ ቀን ገበያው ውስጥ ነበርኩ፤ የወንድሜ እጅ አርፎባት እንደነበር ግን አላወቅሁም። ለእርሳቸው ስፈልግላቸው የኖርኩት ማርሽ ነበረችና ዓይኔን ባለማመን ገዝቼ ከመኪናዬ ወንበር ሥር ሸጎጥኳት። እኛ ቤት ደግ የልደት ስጦታ ማለት በጋዜጣ የተጠቀለለ መለዋወጫ ነው። ትንሽ ቆይቼ ከሳንድዊች መሸጫው አጠገብ አገኘኋቸው። "አግኝቼ አጣኋት፣ ኤልደን" አሉኝ። ያኔ "እኔ ዘንድ ናት" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሳቄን አፍኜ "አይዞዎት፣ ትገኛለች" አልኳቸው። ልደታቸው ኦገስት ነው፣ አሥር ሳምንት ምን አላት አልኩ።

ጁላይ 23 ቀን ሉዌላ ከማይሄደው ትራክተሯ ላይ ወርዳ ሄደች። ዴልበርት ስልክ ሊያነሡ ገባ ብለው ነበር። አገሩ ሁሉ ለፍለጋ ወጣ። እኔም በመኪናዬ መንገዱን ስመላለስ ዋልኩ፣ ማርሿ ከተቀመጥኩበት ሥር ነበረች። በማግሥቱ፣ ከቤታቸው ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ከሰው ቁመት በላይ ባደገው በቆሎ ውስጥ ሞታ ተገኘች።

ኦገስት ሲደርስ ማርሿን ሰጠኋቸው። ሌላ ምን ላድርጋት? "ከየት አመጣሃት?" ቢሉኝ "ከሚሺጋን" አልኩ። አንገቴ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ። ገጠሟት፣ ብቻቸውን ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ከዚያ ትራክተሯን ጎተራ አስገብተው ዘጉባት። ሰባት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅም፣ ቁርስ በምንበላበት ቤትም "እንደ ኤልደን ያለ ወንድም ማን አለው?" ሲሉ ኖሩ። ቢደበድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ነገር ሲነሣ ግን አይቆጡም። "ባገኘው አልጣላውም። መቃብሯ ዘንድ ወስጄ አቆመው ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" ይሉ ነበር። ልነግራቸው ስንት ቀን ሄጄ፣ ስለ ዝናብ አውርተን ተመልሻለሁ።

አቶ ዴልበርት ባደረባቸው የልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024 በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ልጃቸውን ጆሊንን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ጆሊን፣ ይህን ለብቻሽ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አልደፈርኩም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስምና ይቅርታ ለመጠየቅም አፍ የለኝም።

እግዚአብሔር የወንድሜን ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፣ ከሉዌላም ጋር ያገናኛቸው። ጉድጓዳቸው የተቆፈረው ከእርሷ መቃብር አጠገብ ነው። ከዚህ ስንወጣ ዴልበርት እዚያ ሊያቆሙት የፈለጉት ሰው ይቆምላቸዋል።