ረግረጉን አስደፍነው ስለ ረግረግ ጉባኤ ለጠሩት ክቡር ዳይሬክተር

ለተከበሩ የረግረግና የብዝኃ ሕይወት ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፤

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? እኛ፣ ማለትም እኔ ልብስ ሰፊው፣ በተቋምዎ እንቁራሪት የምታጠናው ባለቤቴና አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ ገላችንን መታጠብ ከጀመርን ወዲህ እጅግ ደህና ነን። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በአካል በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለሚሉኝ፣ ስብሰባው እንዳይቋረጥ አዝኜ ነው።

፩. በመጀመሪያ ከተቋሙ ጀርባ የነበረውን ረግረግ በአፈር ስላስደፈኑልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ሳንጋባ ጀምሮ የምታጠናቸው ሆደ ቢጫ እንቁራሪቶች ከዚያ ረግረግ በቀር የትም ታይተው አያውቁም። እርስዎ በላዩ ላይ አዳራሽ ማሠራትዎንና አዳራሹም «ረግረጎቻችንን እንታደግ» ለተሰኘው ታላቅ ጉባኤ መሆኑን በሰማሁ ጊዜ፣ መርፌዬን አስቀምጬ ወሬውን ሁለተኛ አስደገምኩ።

፪. ባለቤቴ እንቁራሪቶቹ የት ይግቡ ብላ ብትጠይቅዎ፣ «እግር አላቸው አይደል? ይሂዱ» በማለት የሰጧት ሳይንሳዊ ማብራሪያ በቤታችን ዛሬም ይጠቀሳል። ሄዱም። በባልዲ ተጭነው ወደ መታጠቢያ ገንዳችን ሄዱ። አማቴ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ወዲያውም ወጡና፣ «ስማ አንተ፣ እኔ ልጄን የዳርኩት ለሰው መስሎኝ ነበር!» ብለውኝ ክፍላቸውን ከውስጥ ቀረቀሩ። እኔም በጣሳ ውሃ ፊቴን እያባበስኩ ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ነገር ግን ደንበኞቼ ወገባቸውን ስለካ ከጠረኔ የተነሣ ትንፋሻቸውን እየያዙ ሆዳቸውን ስለሚያስገቡ፣ የሰፋሁላቸው ሱሪ ሁሉ እቤታቸው ሲደርሱ አልቆለፍ አላቸው። ለዚህ እርስዎን አልወቅስም፤ ወገብ የእርስዎ ዘርፍ አይደለም።

፫. ቀጥሎ ባለቤቴን አስጠርተው፣ እንቁራሪቶቹ በቦታው ስለሌሉ ቁጥራቸው መመናመኑን አቁሟል፣ ስለዚህም ጥናቱ በስኬት ተጠናቋል ብለው ወደ ፎቶ ኮፒ ክፍል ስላዛወሯት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚህ አካሄድ ከሆነ ሐኪሞች በሽተኛውን ቀብረው በሽታው ለቀቀው ማለት የሚችሉበትን መንገድ ከፍተዋል። ያን ዕለት ባለቤቴ ከሥራ እንደገባች ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች። «እዚህ አይወልዱም» አለችኝ። «ጭቃ የሌለበት ውሃ ውስጥ እንቁላል አይጥሉም። እኔ እያበላሁ እያጠጣሁ ነው የማጠፋቸው።» እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይህን አንቀጽ በምስጋና ስላልጨረስኩት ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፬. በጉባኤው መክፈቻ ግን አስታወሱን። ለመድረኩ ማሳመሪያ የሚሆኑ እንቁራሪቶች ቢያስፈልጉዎ ሾፌርዎን ላኩብን፤ እኛም ባልዲዎቻችንን ተሸክመን መጣን። ሰማዩ የተቀደደው እርስዎ ንግግር ሲጀምሩ ነበር። ስለ አዳራሹ ማንም ያልነገረው ጎርፍ እንደ ወትሮው ቤቴ ብሎ ሰተት ብሎ ገባ፣ ጭቃውንም አስከትሎ መጣ። እንግዶቹ ወንበር ላይ ወጡ፤ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ቆመው «ውሃ ወደ ተፈጥሯዊ ስፍራው ይመለስ ዘንድ» የሚለውን አንብበው እንደጨረሱ፣ «ኧረ ይሄን ውሃ አስወጡልኝ!» ብለው ጮኹ። የትኛውን እንፈጽም ብለን ተቸገርን። ባለቤቴ ግን እኔን አየችኝ፣ ውሃውን አየች፣ ከዚያም ባልዲዋን ደፋችው። እኔም የእኔን ደፋሁ። ወዲያው አዳራሹ በእንቁራሪት ጩኸት ተሞላ፤ እንግዶቹም የዝግጅቱ አካል መስሏቸው ቆመው አጨበጨቡ። በሕይወትዎ እንዲህ ተጨብጭቦልዎ እንደማያውቅ ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎት።

፭. ሆደ ቢጫዎቹ መድረኩ ሥር እንቁላል ጥለዋል። «ብርቅዬ እንስሳት በሚዋለዱበት ስፍራ ከተመራማሪ በቀር ማንም ዝር አይበል» የሚለውን መመሪያ ደግሞ የፈረሙት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ስለሆነም አዳራሹ ታሽጎ ቁልፉ ባለቤቴ ዘንድ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ቦቲ ጫማዋን አጥልቃ እያንጎራጎረች ወደ ሥራ ትሄዳለች፤ ጉባኤተኞቹም የቀረውን ውይይት ፎቶ ኮፒ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው እንደጨረሱ ተነግሮኛል። አማቴ ገንዳውን ሦስቴ አሳጥበው ገቡበት፤ ሲወጡም ያለ እንቁራሪቶቹ ቤቱ በጣም ጸጥ አለ ብለው ቅር አላቸው።

ሌላ ረግረግ ከማስደፈንዎ በፊት ረጅም ዕረፍት እንዲሰጥዎ ከልብ የሚመኝልዎ፣

የተመራማሪዋ ባል፣ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ ከጠረጴዛው ዘለው ሲወርዱ የጠፋብዎት የግራ እግር ጫማ ተገኝቷል። ሆኖም አንዲት እንቁራሪት እንቁላሏን ስለጣለችበት በመመሪያዎ መሠረት ልናነሣው አልቻልንም። ተቋሙን መምራት ከጀመሩ ወዲህ ለእንቁራሪቶች ያበረከቱት የመጀመሪያው መኖሪያ ይህ ጫማ ስለሆነ፣ ባለቤቴ በሪፖርቷ ስምዎን በክብር ጠቅሳለች።