በአንድ ስም ስለሚጠሩ ሁለት ፕሮግራሞች

ቡሬ፣ ሰኔ ፳ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ፤
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንደ ፕሮግራምዎ በስውር እንዳይለወጥብዎ እየተመኘሁ፣ በቡሬ የበቆሎ ተመራማሪ የሆንኩት አለኸኝ ወልደ ሥላሴ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጽፌልዎታለሁ።

፩ኛ. አምና የዝናቡን መረጃ አስልቶ የዘር ቀን የሚነግረንን ፕሮግራም በዲስክ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ግንቦት አጋማሽ ዝሩ አለን፤ ከከተማው ወጣ ብለው የሚያርሱት አቶ ታከለም ዘሩ፤ ጎተራው ጠበባቸው። እኔም ይህንኑ በጥናት መልክ ስጽፍ የፕሮግራምዎን ስም በአክብሮት ጠቀስኩ።

፪ኛ. ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ስላሻሻሉት ደግሞ አመሰግናለሁ። ሆኖም አዲሱን በአሮጌው ላይ የጻፉት ስሙን ሳይለውጡ፣ ቁጥር ሳይሰጡ፣ ቀን እንኳ ሳያኖሩበት ነው። ጥናቴን የመረመሩት ሰዎች ያንኑ ስም ከፍተው ቢያሰሉ ሰኔ አላቸውና እኔ ውጤት ፈጣሪ ተብዬ ጽሑፌ ተመለሰ። አሮጌውን እንዲልኩልኝ ብለምንዎ “አጥፍተነዋል፤ አዲሱ ይሻላል” የሚል አጭርና ግልጽ መልስ ስለሰጡኝም ባለውለታዎ ነኝ።

፫ኛ. ዘንድሮ በአዲሱ ስሌት መሠረት ገበሬው ሁሉ ሰኔን እንዲጠብቅ ታዘዘ። ዝናቡ ግን ግንቦት ላይ ጣለ። አቶ ታከለ ሰማይ እያዩ መቀመጥ አልሆነላቸውምና ዘሩ። በስብሰባ አቁመው መመሪያ ለምን ጣሱ ቢሏቸው፣ “እኔ የአምናውን ማሽን ሰምቻለሁ፤ የዘንድሮው ሌላ ከሆነ ለምን ሌላ ስም አላወጣችሁለትም?” አሉ። ለዚህ ቃል ታስረው ሰነበቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቻይነሽ በየጠዋቱ ከቢሮዬ ደጃፍ ቆመው “ጌታው፣ ያ ማሽን የተናገረውን የሚመሰክር የለም ወይ?” ይሉኝ ነበር። ምስክሩን እርስዎ ደምስሰውታል።

አቶ ታከለ ትናንት ተፈቱ። በቆሎአቸው ጉልበት ደርሷል፤ መመሪያ አክብረው የጠበቁት ጎረቤቶቻቸው ዘር ግን ጭቃ ውስጥ እየበሰበሰ ነው። የእኔም ጥናት እስካሁን ሐሰት እንደተባለ አለ።

የምለምንዎ ከባድ አይደለም። የደብራችን መሪጌታ ክንፈሚካኤል ለአንድ ቃል አዲስ ፍች ሲያመጡ የቀደመውን አይፍቁትም፤ “አንድም” ብለው ከጎኑ ያቆሙታል። እርስዎም ለእያንዳንዱ እትም ቁጥር ይስጡ፣ አሮጌውን በመዝገብ ቤት ያኑሩት፤ ተመራማሪው የትኛውን እንደተጠቀመ ይጥቀስ፣ የተጠራጠረም ያንኑ ከፍቶ ያመሳክር።

በላዩ ሌላ ባልተጻፈበት አክብሮት፣
አለኸኝ ወልደ ሥላሴ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አርሜዋለሁ፤ የመጀመሪያው ከዚህ ይልቅ ጨዋ ነበር። ሁሉንም ቁጥር ሰጥቼ አስቀምጫቸዋለሁና፣ በስድብ ሲከሱኝ የትኛውን እንደጠቀሱ እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።