ከአቶ ኤርካሎ ጓሮ ሥር ስለወጣው ከሰል

ሶዶ፣ ግንቦት 19 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣
የኦሞ ዳር የድንጋይ ከሰል ማኅበር ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የሚረግጡትም መሬት የማይነቃነቅ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቶማ አንጁሎ ከሃላሌ በታች ባለው የከሰል ጉድጓድዎ ሁለት ዓመት ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆኜ ያገለገልኩ፣ ባለፈው ሳምንት ግን በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን የለቀቅሁ ሰው ነኝ። በቢሮ ሳለሁ ልነግርዎ ይገባኝ የነበረውን ዛሬ በአደባባይ ስጽፍልዎ እንደሚታገሡኝ አልጠራጠርም፤ የሌላውን ሰው ሥቃይ እንዴት እንደሚታገሡ በዓይኔ አይቻለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ምሰሶዎቹ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ቁፋሮው ሲጀመር ሠራተኞቹ ጣሪያውን እንዲሸከምላቸው በየዐሥር እርምጃው አንድ አንድ ወፍራም የከሰል ምሰሶ ሳይነኩ ይተዉ ነበር። በጥር ወር እርስዎ ፋኖስ አስይዘው ገቡና ይህን ያህል ከሰል ቆሞ መቅረት እንደሌለበት አዘዙ። ምሰሶዎቹ ተቆርጠው ወጡ፤ በምትካቸው ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ቆመ። ከላይ ሰባት ቤት ከነእንሰት ጓሮው መኖሩን ያስረሳዎ የሥራ ብዛት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

ሁለተኛ፤ መሬቱ ከውስጥ ሲላላ ከጉድጓዱ አፍ በላይ ያለው ገደል ድንጋይ ይጥል ጀመር። ሴቶች ውሃ ቀድተው የሚመለሱበት መንገድ በዚያው ሥር ስለሚያልፍ እንዲዛወር ቢለመኑ፣ «ወደ ላይ እያዩ ይለፉ» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛ አስለጠፉ። ከሴቶቹ ፊደል የቆጠረች አንዲትም የለችም፤ እንስራ ተሸክሞ ቀና ማለት እንዴት እንደሚቻልም ማስታወቂያው አይገልጽም። ስለ አሳቢነትዎ ግን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ስለ አስተርጓሚዎ።

በመጋቢት ወር አቶ ኤርካሎ የሚባሉ፣ ቤታቸው ከጉድጓዱ በላይ የሆነ ገበሬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቢሮ መጡ። በወላይትኛ እንዲህ አሉኝ፤ «ጓሮዬ ተሰንጥቋል። በትሬን ብሰደው እስከ እጄ ገባ። ቀን ቀን የዶማችሁ ድምፅ ከእግራችን ሥር ይሰማናል። ወይ ቁፋሮውን አቁሙ፣ ወይ ልቀቁ በሉን፤ ይህን ንገርልኝ።»

እርስዎ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ምን ይላል?» አሉ።

«መሬቱ ትንሽ ተሰንጥቋል ይላሉ፤ ዝናቡ ይሆናል» አልኩ።

ዝናቡን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በዚያው ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሊያደርጉኝ እንዳሰቡ ነግረውኝ ነበርና ፊትዎ እንዳይጠቁርብኝ ፈራሁ። እርስዎም ዝናብ መከልከል የእርስዎ ሥራ እንዳልሆነ ተናግረው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ሽማግሌው ዞሬ «ሰምተዋል፣ ያስቡበታል» አልኳቸው። «ተባረክ ልጄ» ብለውኝ ወጡ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጓሮው ከነቤቱ እኩሌታ ሰመጠ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች እሳት ያነዱ ነበር። ጎረቤት በእጁ ቆፍሮ አወጣቸው፤ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም ኦቶና ሆስፒታል ደረሱ። ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በላይ ተቆረጠ።

እርስዎ ደግሞ ቤቱ በዝናብ እንደፈረሰ የሚገልጽ ወረቀት አስይዘው፣ አቶ ኤርካሎን በጣት አሻራ እንዳስፈርም ላኩኝ። ሽማግሌው ወረቀቱን አላዩም፤ እኔን አዩ። «ልጄ፣ ያን ቀን ያልኩህን ሁሉ ነግረኸው ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው።

«እንግዲያው አንተን እግዚአብሔር አይቀየምህም» አሉኝ። አሻራውን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

በአራተኛው ቀን ተመልሼ በባለቤታቸው አልጋ አጠገብ ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። አቶ ኤርካሎ «ስድስቱ ቤት ገና እዚያው ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ከዚያ ወዲህ አላናገሩኝም።

የጉድጓዱን ካርታ ከመደርደሪያዎ ሳላስፈቅድ የወሰድኩት ያን ዕለት ነው። ቤት ለቤት እየዞርኩ ቁፋሮው በማን ምድጃ ሥር እንደሚያልፍ አሳየሁ። ስድስቱም ቤተሰብ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ዘመድ ሄደዋል። ካርታው በጣም ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለሰዎቹ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ ደግሞ ምንኛ ባማረ! ክረምቱ ሳይገባ ከጓሮዎች ሥር የሚደረገውን ቁፋሮ እንዲያስቆሙ፣ ስንጥቁን በአጥር እንዲያስከብቡ፣ የውሃውን መንገድም እንዲያዛውሩ በትሕትና እለምናለሁ።

ለቸርነትዎ ምስጋና፣ ለምሳሌነትዎም አድናቆት እያቀረብኩ፣ የቀረኝን አክብሮት ሁሉ ሳላስቀር አስረክብዎታለሁ።

ቀድሞ ታማኝዎ የነበርኩ፣
ቶማ አንጁሎ

ማስታወሻ፤ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለወይዘሮ አስካለች በወላይትኛ አነበብኩላቸው። ስለ እርስዎ የሚጨምሩት ቃል እንዳላቸው ብጠይቃቸው «ከእሱ ምንም አልጠበቅንም» አሉ። ቀጥለውም «እሱ ቋንቋችንን አያውቅም፤ አንተ ግን ታውቃለህ። የአንተ ጥፋት የት ላይ ተጻፈ?» አሉኝ። ሦስተኛው ቁጥር የገባው ከዚያ በኋላ ነው።