ከገበሩ ሥር ያለው ኪስ

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፣ የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የሙሽራ ቀሚስሽን ጨርሼ ልኬዋለሁ። በግራ በኩል ከገበሩ ሥር ትንሽ ኪስ ሰፍቼበታለሁ፤ ጨርቁን የቆረጥኩት አባትሽ ልብስ ሲሰፋ ይለብሰው ከነበረው ጋዋን ነው። ክንዱን ይዘሽ ባትገቢም እጅሽን እዚያ ክተቺ።

እሱ እንደሆነ መርሳቱ ብሶበታል። ሐኪሙም ተስፋ እንዳላደርግ ቁርጡን ነግሮኛል። ስሰፋ እያየ «የማን ሠርግ ነው?» ይለኝ ነበር። «የልጅህ» ስለው ተነስቶ ጫማውን ይፈልጋል፤ በሩ ጋ ሲደርስ ረስቶት ይመለስና ያንኑ ይጠይቀኛል። በመጨረሻ ደክሞኝ «የጎረቤት ልጅ» አልኩት።

«ይቅናት፤ አባቷ ታድሎ፣ ለዚህ በቃ» ብሎ ተቀመጠ።

እባክሽ በዕለቱ አትደውዪ፤ ድምፅሽን ከሰማ ጫማ ፍለጋ ይነሳል። የጎረቤት ልጅ ብሎ የመረቀሽ ምርቃት ይድረስሽ።

እናትሽ