የመንግሥት ጉድለትና የእኛ እድር

ልጄ ጸደንያ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ጀሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እናትሽ ብቻ ደረጃው ስለከበዳት ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትታለች።

ትናንት በሬዲዮ ሁለት ምሁራን ስለ መንግሥት በጀት ጉድለት ሲከራከሩ ሰማሁ። አንዱ ግብር ስለተቀነሰ ነው ይላል፤ ሌላው ወጪ ስለበዛ ነው ይላል። የእኛ እድር ትዝ አለኝ። አምና ሐዘን ስላልነበረ መዋጮውን ቀነስን፤ እጅ ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። በዚያው ወር ደግሞ አዲስ ድንኳንና ሁለት መቶ ወንበር ገዛን። አሁን ካዝናው ባዶ ነው። የእድሩ ዳኛ አቶ ዲንሳ ጥፋቱ የመዋጮው ነው ይላል፤ እኔ የድንኳኑ ነው እላለሁ። አንቺ ኢኮኖሚክስ ተምረሻልና ፍረጂን። መንግሥትስ ጉድለቱን ተበድሮ ይሞላል አሉ፤ እድር ከማን ይበደራል? መዋጮውን ብንመልሰው ካዝናው በስንት ወር ይሞላል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ለፋሲካ ያልሽውን ጉዞ ቀደም ብታደርጊው ደስ ይለናል።

እናትሽ ስጽፍ አይታ፣ «አዲሱ ድንኳን ዝናብ ያስገባል?» አለችኝ። አያስገባም፣ ጥሩ ድንኳን ነው አልኳት።

ሰላምሽን የሚመኝ አባትሽ፣ ምትኩ