የግራ እግር ጫማህ

ታሜ፣ የኔ ግትር፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። አንተ ካለህበት ጤና ምን ይባላል? ከተወሰድክ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ሐይቁ ሞልቶ እስከ መንገዱ ጫፍ መጥቶ ነበር፤ አሁን ተመልሷል። እኔና አንተ ብቻ ከምናውቀው ከመጨረሻው ምሽት ወዲህ ግን ገና ጥቂት ቀን ነው። የምጽፍልህም ስለዚያ ምሽት ነው። ለሌላ ሰው ባወራው አበደች እባላለሁ፤ አዋሳ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እህትህ ትዕግሥት ያን አረንጓዴ ሹራብህን ወርሳዋለች። እጅጌው መዳፏን አልፎ ይንጠለጠላል፤ ልጠቅልልልሽ ስላት ግን በጄ አትልም። ትምህርት ቤት፣ ክፍላችን ውስጥ፣ አንተ ቦታ ላይ ከሻሸመኔ የተዛወረ ልጅ ተቀምጧል። ምንም አላጠፋም፣ ምስኪን ነው፤ ግን አላናግረውም። ጸሎት ቤታችን እንደታሸገ ነው። መዘምራኑ ተራ በተራ በየሰው ቤት እየተሰበሰብን፣ መስኮት ዘግተን፣ በሹክሹክታ እንዘምራለን። ብታየን ትስቅብን ነበር፤ አንተ እንደሆንክ ድምፅህ ከሁሉ በላይ ካልተሰማ አይሆንልህም።

እናትህ እትዬ ዓለሚቱ ዛሬም ገበያ ይወጣሉ፣ ቅቤያቸውን ይሸጣሉ። አልጋህን በየጠዋቱ ያነጥፋሉ። ከአልጋህ ሥር የግራ እግር ጫማህ ነበር።

ያ ባለ ታኮ ቡኒ ጫማ! አጎትህ ከአዲስ አበባ ያመጡልህ ሰሞን ጭቃ ያለበትን መንገድ ሁሉ እየሸሸህ፣ እኔንም እያዞርክ፣ መዝሙር ልምምድ አርፍደን ስንደርስ መዘምራኑ ተቆጡን። ከኔ ይልቅ እሱን ነው የምታየው ብዬ አኩርፌህ አውቃለሁ። አንተም ጎንበስ ብለህ በመሐረብህ እየወለወልክ፣ ሁለታችሁንም አያለሁ አልከኝ። እንዲህ ያለ ሰው ይወደዳል? እኔ ግን ወደድኩህ።

የመጡብህ ጠዋት በአጥራችን ቀዳዳ አይቻለሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠህ የቀኙን አጥልቀህ ነበር። የግራውን ልታነሳ ስትጎነበስ ከኋላህ ያዙህ። ጫማዬን ላድርግ ስትላቸው ሰምቻለሁ። አንደኛው፣ አያስፈልግህም አለህ። ይህን ለእናትህ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ሰምተው ይሆናል፣ እንጃ።

ብዙ ሳይቆይ ቀበሌው እትዬ ዓለሚቱን ጠርቶ አብዮታዊ እርምጃ እንደተወሰደብህ ነገራቸው። ምን እንዳደረግህ የነገረን የለም። ሬሳ አይሰጥም ተባለ። ድንኳን እንዳይተከል፣ ጥቁር እንዳይለበስ፣ ነጠላ እንዳይዘቀዘቅ፤ ያለቀሰ የልጁ ተባባሪ ነው ተባለ። በማግሥቱ እናትህ እንደ ወትሮው ቅቤያቸውን ተሸክመው ወጡ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ልጆች ከፊታቸው ቆመው ዓይናቸውን ሲጠብቁ ዋሉ። እትዬ ዓለሚቱ ቅቤ መዘኑ፣ ተከራከሩ፣ መልስ ሰጡ። እንባ የሚባል አልወጣቸውም። እኔም ትምህርት ቤት ሄጄ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ መለስኩ። ከሰፈሩ አንድም ሰው ጮክ ብሎ አላለቀሰልህም።

አንተም ከዚያ ወዲያ መጣህ።

ሐይቁ ዳር፣ ሾላው ሥር፣ ከልምምድ ስንወጣ የምንቀመጥበት ድንጋይ ላይ ነበርክ። ፀሐይ ማዶ እየጠለቀች ነበር። አልጮህኩም። የቀኝ እግርህ ጫማ አለው፣ የግራው ባዶ ነው። ሸሚዝህ ደረቱ ላይ የሆነውን ላለማየት ፊትህን ብቻ አየሁ። አጠገብህ ስቀመጥ ጎኔ በረደኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ጉንፋን አለቀቀኝም። እማዬ ዝንጅብል እያፈላች ሐይቅ ዳር ምን ታደርጊያለሽ እያለች ትጨቃጨቅ ነበር።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ ታሜ። እውነቱ ይህ ነው። እነሱ ወሰዱት፣ እኔ ግን አለኝ እል ነበር። ምሽት ምሽት እየመጣሁ የሰፈሩን ወሬ አወራልሃለሁ፣ አንተ ዝም ትላለህ። በሕይወትህ ዝም ብለህ ሰምተኸኝ ስለማታውቅ እሱንም እንደ ደግነት ቆጠርኩልህ።

እያደር ግን ፊትህ ወደኔ እንዳልሆነ አየሁ። ወደ ሰፈራችን ዞረህ፣ አንገትህን ዘንበል አድርገህ፣ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው ታዳምጥ ነበር። ባዶው እግርህም ቆሰለ። መጀመሪያ ተጫረ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ፣ ከዚያ ደም ድንጋዩን ነካው። እኔ በማልኖርበት ሰዓት ወዴት ወዴት ስትሄድ ነበር? ሙት እግሩ ይቆስላል ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቀን እማዬ ስለ ሌላ ሰው እያወራች፣ እሷ በተወለደችበት አገር ያልተለቀሰለት ሰው መንገድ አይከፈትለትም ይባል እንደነበር ተናገረች። ቀጥላም፣ እኛ ወንጌል የገባን ሰዎች ይህን አናምንም ብላ ተወችው። እኔ ግን እግርህን አይቻለሁ።

ከዚያ እማማ ጥሩነሽ ሞቱ። ታስታውሳቸዋለህ፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፀጉርህን ተቆረጥ እያሉ የሚጨቀጭቁህ። በአልጋቸው ላይ፣ በዕድሜያቸው ነው የሞቱት፤ እንዲህ ያለ ሞት ዘንድሮ ብርቅ ነው። እድሩ ድንኳን ተከለ። የሰፈሩ ሴቶች በሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ለእማማ ጥሩነሽ የሚከለክል የለማ። በሰው ለቅሶ የራስን ሙት ማልቀስ ደግሞ የቆየ ነገር ነው፤ ማን ለማን እንደሚያለቅስ የሚጠይቅ የለም።

እናትህ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። "ማርታ ልጄ፣ ጫማውን ይዤ ብሄድ ምን ይመስልሻል? የሟች ዕቃ ሳይያዝ እንዴት ይለቀሳል?" አሉኝ። ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። ያዩዎታል፣ ይያዛሉ፣ ትዕግሥትስ ማን አላት ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ውሸትም አልነበረውም፣ በእርግጥ ሊያስሯቸው ይችላሉ። ግን እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። እሳቸው ካለቀሱልህ ድንጋያችን ባዶ ይሆናል። እጃቸው ላይ ያለውን የጫማህን ተረከዝ አየሁት፤ አቧራ አልነበረበትም፣ እየወለወሉት ኖረዋል። ይስጡኝ፣ እኔ እይዘዋለሁ አልኳቸው።

በነጠላዬ ውስጥ፣ ብብቴ ሥር አድርጌ ገባሁ። ከድንኳኑ በር ላይ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ተደግፎ ቆሟል። እናትህ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጡ። ሁሉም ደረቱን እየመታ ይጮሃል፣ እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ድምፅ አልወጣቸው አለ። ለረጅም ጊዜ ውጠውት ጠፍቶባቸው ነበር። ያኔ ጫማህን አውጥቼ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ታሜ፣ እንዴት እንደጮሁ ልጽፍልህ አልችልም። ማሙሽዬ አሉ። ስምህን አልጠሩም፤ በዚያ ሰፈር ማሙሽ ያልተባለ ወንድ ልጅ የለም። ማሙሽዬ፣ ባዶ እግርህን የት ሄድክብኝ እያሉ ጫማውን ወደ ላይ አነሱት። ሁሉም የማን ጫማ እንደሆነ ያውቃል። ጠባቂው ወደ ውስጥ መጣ። አሮጊት በሞተችበት የጎረምሳ ጫማ ምን ያደርጋል፣ የማን ነው አለ።

የእማማ ጥሩነሽ ልጅ እትዬ ዘነበች ተነሱ። "የወንድሜ ነው። ኦጋዴን ለአገሩ ሲዋጋ የቀረው ወንድሜ። እናቱ ስትቀበር አይለቀስለት?" አሉት። ጫማውን ከእናትህ ተቀብለው አቅፈው ጮሁ። ከሳቸው ሌላዋ ተቀበለች፣ ከሷም ሌላዋ፤ ሁሉም ማሙሽዬ ይላል። ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። የጦር ሜዳ ሰው ጫማ ነው ከተባለ ምን ይበል? ለቅሶው ሲያበቃ ጫማህን ፈለግነው፤ አልነበረም። የያዘችው የመጨረሻ ሴት ማን እንደሆነች እስካሁን አልታወቀም።

በዚያው ምሽት ሾላው ሥር መጣሁ። ተቀምጠህ አልነበረም። ቆመሃል፣ ጀርባህ ወደኔ ነው፣ ሁለቱም እግሮችህ ጫማ አላቸው። እንደ ድሮው ጭቃውን እየዘለልክ በሐይቁ ዳር ወደ ቡሹሎ በኩል ሄድክ። ታሜ ብዬ ጠራሁህ። ታሜ፣ ቆይ አልኩህ። አልዞርክም። በዚህ ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ያን ያህል ጠብቀህ መንገድ ሲከፈትልህ ዞረህ ብታይ ደግሞ ልትቀር ነው።

እትዬ ዓለሚቱ አሁን ይተኛሉ። ድምፃቸው ተዘግቶ ሰንብቶ ተመልሷል። ድንጋዩ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ ያሰጡበታል። ጉንፋኔም ለቆኛል፤ ባይለቀኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን እወቅ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ አላለቀስኩም። ማሙሽ ብዬ አላለቅስልህም፤ እኔ የማውቅህ ማሙሽ ብዬ አይደለም። ስምህን መንገድ ላይ ቆሞ መጥራት የሚቻልበት ቀን ይመጣል፣ ካልመጣም አርጅቼ እጠብቀዋለሁ። ያን ቀን ገበያው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ታምራት ብዬ አለቅሳለሁ። እስከዚያ እንባህ እኔ ዘንድ ነው።

ማርታ