ሰም ከንፈር የለውም

ለእህት ዓለሜ ለጣቢታ፦

እንደምን ከርመሻል? ዓይንሽ በርትቷል? የእናታችን ጉልበት እንዴት ሆነ? ስኳር የምናፈላበት የሜፕሉ ዛፍ ውሃ መውረድ ጀመረ ወይስ ገና በረዶ ነው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ አንቺን መዋሸት አይሆንልኝም።

የምሠራበት ቤት ድምፅ በሰም ላይ ይቀርጻል፣ በስልክ ሽቦም ይልካል። የፈጠራው መብት እስኪጸድቅ ይህን ላናወራ ምለናል፣ ሥራውንም ላንለቅ ፈርመናል። ላንቺ የተነገረ ምስጢር ወጥቶ ስለማያውቅ ነው የምነግርሽ። ሉተር የሚባለው ባልደረባዬ በመቅረጫው ቀንድ ይጮኻል፤ እኔ የማዳመጫውን ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰሙ ያለውን እናገራለሁ። እንጀራዬ መስማት ነው።

ጣቢታ፣ ጆሮዬ ሄዷል። አምና ግራው፣ ከገና ወዲህ ደግሞ ቀኙ። ሰው ሲያናግረኝ አንቺ እንዳስተማርሽኝ ከንፈር እያየሁ አልፈዋለሁ። ሰም ግን ከንፈር የለውም። እስካሁን ያዳነኝ የሉተር ስንፍና ነው፤ ጧት ማታ ያንኑ የልጆች መዝሙር ይደጋግማል።

ሐሙስ ዕለት ግን አለቃችን ሚስተር ሆልብሩክ በሩን ዘግቶ ራሱ በቀንዱ ተናገረና ጠራኝ። ቱቦውን ያዝኩ፤ ጭጭ። ከንፈሩን ሳይ፣ “ምነው ኢኖክ፣ ዛሬ ጆሮህን ቤት ረስተኸው መጣህ እንዴ?” ይላል። ያኔ አንቺ የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን ጠርዝ በጥርስሽ ነክሰሽ መዝሙር ስትከተይ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ነከስኩ። ድምፁ በአጥንቴ ገባ፦ “ቅቤ ተወደደ፣ ሚስቴም ተቆጣች።” አንድም ቃል ሳላጎድል መለስኩለት።

ምነው ባልመለስኩ! አዲስ ዘዴ ያገኘሁ መስሎት አቀፈኝ። “አንተ ሰውዬ፣ ይህን የት ደብቀኸው ነበር? ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የለም” ብሎ ሌላ ሦስት ዓመት አስፈረመኝ። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኳችሁም ቀረ። እውነቱን ብናገር ያባርረኛል፤ የዚህን ቤት ምስጢር የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ማን ያሠራዋል? ዝም ብል ጥርሴን ቱቦ ላይ እንደነከስኩ ልቀር ነው። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል። ፈርቻለሁ እህቴ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ለእሷ ሥራ በዝቶበት ነው በያት። አባባን እጅ ንሺልኝ። አክስት ፕሩደንስንም ስለ ሹራቡ አመስግኚልኝ። ታናሻችንን ሲላስን ግን፣ እግዜር ብሎ የመጣሁ ዕለት ከኋላዬ እንዳይጠራኝ ንገሪው። አንቺን ሁልጊዜ እንደምናደርግሽ፣ መጀመሪያ ትከሻዬን ይንካኝ።

ወንድምሽ ኢኖክ
ዋሽንግተን፣ ማርች 9 ቀን 1884